ተማሪዎች ስለ ራሳቸው እምነት በክፍል ውስጥ እንዲናገሩ እንዴት እንጋብዛቸው?

ጥያቄ
የወጣቶች ክፍል መምህር (ደሴ)

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ደሴ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት የወጣቶችን ክፍል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከዘጠነኛ ክፍል አንሥቶ ዩኒቨርሲቲ እስከ ገቡት ድረስ ሠላሳ ያህል ወንዶችና ሴቶች ናቸው። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር (የሃይማኖታችንን መሠረታውያን ትምህርቶች) በተራ ስንማር ቆይተን ምሥጢረ ቁርባንን ስለ ጨረስን፣ በቅርቡ ወደ መጨረሻው፣ ወደ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን እንገባለን።

ልጆቹ ትምህርት ይይዛሉ። ሥላሴ በስም፣ በአካልና በግብር ሦስት፣ በባሕርይ፣ በህልውናና በፈቃድ አንድ መሆናቸውን ያለ ስሕተት ያስረዳሉ፤ ጥቅሱንም ከነምዕራፉና ከነቁጥሩ ይጠሩታል። ነገር ግን «እናንተ ራሳችሁ ይህን በማመናችሁ በኑሯችሁ ምን አያችሁ?» ብዬ ስጠይቅ አዳራሹ ጭጭ ይላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ያደርጋሉ፤ ወንዶቹ የመዝሙር ደብተራቸውን ያገላብጣሉ፤ ከዚያ ከፊት የሚቀመጡት ሁለት ልጆች ሁልጊዜ የሚሉትን ይሉና ወደ ማስታወቂያ እናልፋለን።

ይህን የምፈልገው ለክፍሉ ማድመቂያ እንዲሆን አይደለም። እነዚህ ልጆች ነገ ከነገ ወዲያ አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዷ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ፤ እዚያም አብሯቸው የሚያድር ሰው የሚጠይቃቸው ስለ አካልና ስለ ግብር ሳይሆን «አንተ ለምን ታምናለህ?» ብሎ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 3 ቁጥር 15 በውስጣችን ስላለው ተስፋ ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ ለመስጠት ዘወትር የተዘጋጀን እንድንሆን፣ ይህንንም በየዋህነትና በፍርሃት እንድናደርገው ያዝዛል። በሩቅ አገር ከመጠየቃቸው በፊት እዚሁ በወንድሞቻቸውና በእኅቶቻቸው መካከል ቢለማመዱት እወዳለሁ።

የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ካሉት ታላላቆች አንዳንዶቹ ስለ ራስ ሕይወት ቆሞ መናገር የሌላ ቤተ እምነት ልማድ ነው፤ ለውዳሴ ከንቱም ያጋልጣል ይላሉ፤ ሥጋታቸውን ዝም ብዬ ልንቀው አልችልም። ከዚህ በላይ የሚከብደኝ ደግሞ የእኛ የአገራችን ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ልጅ ተነሥቶ «እግዚአብሔር ቤታችንን ጠበቀልን» ሲል በዚያው አግዳሚ ላይ ወንድሟን የቀበረች ልጅ ተቀምጣ ትሰማለች። ስለ ሙታን ትንሣኤ በምናስተምርበት ሳምንት ይህ መምጣቱ አይቀርም። እንደ ወሎ ልማድም ከወላጆቻቸው ወይም ከአያቶቻቸው አንዱ ሙስሊም የሆነ ልጆች በክፍሉ ውስጥ አሉ፤ ስለ እምነት ሲወራ እነርሱ ቤተሰባቸው የተነካ እንዳይመስላቸው እጠነቀቃለሁ።

ስለዚህ በዚህ አገልግሎት የቆያችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ አባቶችም፣ ጥያቄው እንዴት ቢቀርብ፣ በትምህርቱ በየትኛው ሰዓት ቢገባና የት ላይ ቢቆም መልካም እንደሚሆን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።


መልስ
እኅት ከወልድያ

መምህር፣ እግዚአብሔር አገልግሎትዎን ይባርክ። እኔም ለረጅም ጊዜ የማዕከላውያንና የወጣቶች ክፍል አስተምሬአለሁ፤ የጻፉትን ሳነብ ልጆቹ ዝም የሚሉት በእምነት ማነስ ወይም በዓይነ አፋርነት ብቻ አልመሰለኝም። ጥያቄው ራሱ ዝም ያሰኛል። «ምን አያችሁ?» የሚለው ተአምር ይጠይቃል። በጠበል የተፈወሰ ወይም ተስፋ የቆረጠበትን ፈተና ያለፈ ልጅ መልስ ይኖረዋል፤ ማታ ማታ ውዳሴ ማርያሙን ደግሞ የሚተኛው፣ ምንም ልዩ ነገር ያልገጠመው ልጅ ግን የእርሱ ነገር በሰው ፊት ለመነገር የማይበቃ ስለሚመስለው አንገቱን ይደፋል። ከፊት የሚቀመጡት ሁለቱ ልጆች ዘወትር የሚናገሩትም ታሪክ ስላላቸው ነው።

እኔ የምጀምረው ከጸሎተ ሃይማኖት ነው። በቅዳሴ ጊዜ ሁሉም በቃላቸው ስለሚሉት አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። በአንድ ገጽ አባዝቼ ለእያንዳንዳቸው እሰጥና «ከዚህ ውስጥ በዚህ ሰሞን አጥብቃችሁ የያዛችሁት ሐረግ የትኛው ነው? ስትሉት የሚከብዳችሁስ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። እርሳስ ይዘው እንዲያሰምሩበት ጊዜ እሰጣቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ መናገር የሚፈልግ ያሰመረበትን ያነብባል፤ ምክንያቱን መጨመር ወይም አለመጨመር የእርሱ ፈንታ ነው። አንድ ጊዜ በጣም ዝምተኛ የሆነች ልጅ «የሚታየውንና የማይታየውን የፈጠረ» የሚለው ላይ አሰመረች። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቃት፣ እናቷ ለሥራ ወደ ቤሩት ከሄደች ብዙ ዓመት እንደሆናት፣ መልኳ እየጠፋባት እንደመጣ፣ ነገር ግን በየሳምንቱ ድምፅዋን ስለምትሰማ መኖሯን ተጠራጥራ እንደማታውቅ ተናገረችና ተቀመጠች። ስለማይታየው አምላክ እኔ በዚያ ቀን ካስተማርሁት የእርሷ ይበልጥ ነበር። ይህች ልጅ «በኑሮሽ ምን አየሽ?» ተብላ ቢሆን ኖሮ አፏን አትከፍትም ነበር።

ስለ ሰዓቱ ከጠየቁ፣ በመጨረሻ አያድርጉት። በመጨረሻ የመዝሙር ክፍሉ ለወረብ ጥናት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ማስታወቂያ የሚያነብበውም ወረቀቱን ይዞ ይቁነጠነጣል፤ በእንዲህ ያለ ጥድፊያ ውስጥ ማንም ልቡን አይከፍትም። የትምህርቱ ዋና ነገር እንደተነገረ፣ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ማስታወሻ ከመጻፋቸውም በፊት ቢሆን ይሻላል። ጥያቄውን በቀደመው እሑድ ነግሮ ማሰናበትም ይረዳል፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሳያስብበት የሚናገረው ነገር አይኖረውም።

ጸጥታው ደግሞ አያስደንግጥዎ። እኔ ጠይቄ ስጨርስ በልቤ አንድ «አባታችን ሆይ» እስካደርስ ድረስ አልናገርም። ረጅም ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ «እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» ላይ ስደርስ አንድ እጅ ይነሣል። መምህሩ ጸጥታውን ፈርቶ ቶሎ የሚሞላው ከሆነ ተማሪዎቹ ትንሽ ከታገሡ ጥያቄው እንደሚያልፍላቸው ይለምዳሉ።

እርስዎም በአጭሩ ቢቀድሟቸው መልካም ነው፤ ግን ታላቅ ነገር ይዘው አይቅረቡ። የመምህሩ ታሪክ ትልቅ ከሆነ የተማሪው ያንሳል። የተናገረውንም ልጅ «በጣም ጥሩ መልስ» ብለው ነጥብ እንደሚሰጥ ሰው አያመስግኑት፤ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ ማለፍ ይበቃል። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ከልቡ ሲናገር «ወላሂ፣ ያን ሌሊት ጸለይሁ» አለና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ወሎ ነንና ከአፋችን የማይወጣ ነገር የለም። ልጁን ከማረም ይልቅ ስቀው እስኪጨርሱ ጠብቄ «እሺ፣ ከዚያስ?» አልሁት፤ ቀጠለ። ያን ቀን ከእርሱ በኋላ የተናገሩት ከወትሮው በዙ።


መልስ
መሪጌታ (ሐይቅ አካባቢ)

ወንድሜ መምህር፣ ሰላም ለአንተ ይሁን፤ እኅታችንም ቃለ ሕይወት ያሰማሽ። ታላላቆቹ የሚሉትን አለመናቅህ መልካም አድርገሃል። ሥጋታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋትም፣ ጸሎትም፣ ጾምም በስውር እንዲሆን አዝዟል። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ትሰግዳለህ? ምን ያህል ትጾማለህ? ምን ትመጸውታለህ?» የሚያሰኝ ጥያቄ ወደ ክፍል አይግባ። የሠራነውን መናገር አንድ ነገር ነው፤ እግዚአብሔር የሠራልንን መናገር ግን ሌላ ነው። በመጽሐፈ ጦቢት መልአኩ ሩፋኤል ጦቢትንና ልጁን ለብቻቸው ጠርቶ የነገራቸውን አስብ፤ የንጉሥን ምሥጢር መሰወር መልካም እንደሆነ፣ የእግዚአብሔርን ሥራ ግን መግለጥ እንደሚገባ ነው ያስተማራቸው።

የራስን ነገር በጉባኤ መመስከር ከውጭ የመጣ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። መስከረም 21 ቀን ግሸን የወጣ ሰው ሁሉ ያየውን ልናገር፤ ስለት የገባች እናት ጃንጥላዋን ይዛ ስትመጣ ለምን እንደተሳለች፣ ምን እንደተደረገላት በሕዝብ ፊት ይነገራል፤ እልልታውም የሚቀልጠው ስለዚያ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስተማሩበት በዚህ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተማሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም በልጅነታቸው ትምህርት አልገባ ብሏቸው እንደተቸገሩ፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሱ ሲጸልዩ ጽዋዐ ልቡና (የማስተዋል ጽዋ) እንደተሰጣቸው በገድላቸው ይነገራል። የዚያ ታላቅ ሊቅ ድካም ባይነገረን ኖሮ ዛሬ ዜማ የሚከብደው ተማሪ በምን ይጽናና ነበር?

አንድ ነገር ልጨምርልህ። እኛ በ40 እና በ80 ቀናችን የተጠመቅን ነን። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን የካደልን፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሥላሴ ያመነልን የክርስትና አባታችን ወይም እናታችን ነው። በዚያ ቀን ሌላ ሰው ስለ እኛ የተናገረውን በገዛ አፋችን የምንናገርበት ቦታ ያስፈልገናል፤ ከቅዳሴው ቀጥሎ ለወጣት የሚመቸው የሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍል ይመስለኛል። እኅታችን ከጸሎተ ሃይማኖት መጀመሯን የወደድሁት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ጸሎቱ «እናምናለን» እያለ በብዙ የሚነገር ስለሆነ፣ የሚናገረው ልጅ ከማኅበሩ ተነጥሎ ብቻውን የቆመ አይመስለውም።

የት ላይ ይቁም ላልኸው፣ ከንስሐ አባት ደጃፍ አይለፍ። ተማሪው በስሜት ተወስዶ ኃጢአቱን መዘርዘር ከጀመረ በፍቅር ቃል አስቁመው፤ «ይህን ለንስሐ አባትህ የምትነግረው ነው፤ እኛ እንጸልይልሃለን» በለው። ካህን የሰማውን ምሥጢር ለመጠበቅ የታሰረ ነው፤ ሠላሳ ወጣት ግን አልታሰረም፤ ከሰዓት በኋላ ወሬው ፒያሳ ይደርሳል። ምሥጢረ ቁርባንን ስትከልስም «ከእናንተ የሚቆርብ ማን ነው?» ብለህ አትጠይቅ። በወጣትነቱ ከቁርባን የራቀው ብዙ ነው፤ እጅ ያላወጣው ሁሉ ምክንያቱን ጎረቤቱ እየገመተለት ይቀመጣል። «ቅዳሴ ላይ ቆማችሁ ሥጋ ወደሙ ሲወጣ በልባችሁ ምን ትላላችሁ?» ብትል ግን የቆረበውም ያልቆረበውም ይመልሳል።

ሕልምና ራእይ አየሁ የሚል ቢነሣም በክፍሉ አትፍታው፣ አታጣጥለውም፤ ወደ አባቶች ምራው። ከትምህርተ ሃይማኖት የወጣ ነገር ቢናገር ግን ዝም ብለህ አትለፈው። በዚያው ቅጽበት በሰው ፊት እንዳታሳፍረው ተጠንቅቀህ፣ የሁሉም ሲያበቃ ትምህርቱን በራስህ ቃል አቅንተህ ድገመው፤ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም።

ጌታም ሁለቱንም አድርጓል። ለምጻሙን ለማንም እንዳይናገር አዘዘው፤ አጋንንት የወጡለትን ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ ሄዶ የተደረገለትን ለቤተ ሰዎቹ እንዲያወራ ላከው፤ ሁለቱም በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 1 እና በምዕራፍ 5 ይገኛሉ። ማን ይናገር፣ ማን ዝም ይበል የሚለውን መለየት የመምህር ሥራ ነው፤ ለዚህም ልጆቹን ከክፍል ውጭ ማወቅ ይጠይቃል።


መልስ
የጥናት መሪ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የምመራ ሰው ነኝ፤ ሥርዓታችን ቢለያይም ጥያቄው የእኛም ስለሆነ በፈቃዳችሁ ጥቂት ልበል። በእኛ ዘንድ ምስክርነት የራሱ ሰዓት ስላለው ችግራችን የእናንተ ግልባጭ ነው። ልጆቻችን መናገር አይፈሩም፤ ነገር ግን የሚናገሩት ሁሉ በጊዜ ብዛት አንድ መልክ ይይዛል። ታመምሁ፣ ጸለይሁ፣ ተፈወስሁ፤ ሥራ አጣሁ፣ ጸለይሁ፣ አገኘሁ። መጨረሻው እንዲህ ያላማረለት ልጅ ታሪኩ ገና ያላለቀ ስለሚመስለው እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ አንዳንዱም ጥበቃው ሲረዝምበት ከጥናቱ ይቀራል። የቀሩትን ስጠይቅ ብዙዎቹ የሰጡኝ ምክንያት ይህ ነበር።

ከዚህ የተነሣ በእኛ ጥናት ሆን ብዬ ያልተመለሰ ጸሎት የሚነገርበትን በር እከፍታለሁ። ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለውን አንብበን፣ «ከዚህ ሰው ሁለት ቃል ዛሬ የእናንተ የትኛው ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ሁለተኛው» የሚል ልጅ ሲኖር ማንም እንዳይመክረው፣ ጥቅስ እንዳይወረውርበት አስቀድሜ አስጠነቅቃለሁ። ሰው ጥርጣሬውን በተናገረ ቁጥር መልስ የሚዘንብበት ከሆነ ሁለተኛ አይናገርም።

እናንተ ገና ስትጀምሩ ስለሆነ ልማዱ ወደ አንድ መልክ እንዳይደርቅ ከመነሻው ብትጠነቀቁ እመክራለሁ።


መልስ
ዝም ካሉት አንዷ

መምህር፣ እኔ የእርስዎ ተማሪ አይደለሁም፤ ነገር ግን ያደግሁት ደሴ ነው፤ አሁን በወሎ ዩኒቨርሲቲ በግቢ ጉባኤ እማራለሁ። የጻፉላትን፣ ወንድሟን የቀበረችውን ልጅ ቦታ አውቀዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ በዚያው በ2014 ዓ.ም. አርፏል።

በክፍላችን «እግዚአብሔር ጠበቀን» የሚሉ ልጆች ሲነሡ አልተቆጣሁም፤ ቤታቸው በመትረፉም ደስ ብሎኛል። የሚያቆስለው ቀጥሎ የሚመጣው ነበር። ብዙ ጊዜ «ስለ ጸለይን» ወይም «አምነን ስለ ጠበቅን» ይጨምሩበታል፤ እናቴ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስትሰግድ አይቻታለሁ። ስለዚህ ተማሪዎች ከማመስገን አይከልከሉ፤ ለምን እነርሱ እንደተረፉ ግን ምክንያት እንዳይሰጡ አስቀድመው በቀስታ ይንገሯቸው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚናገርልን መምህር ቢኖረን ኖሮ ብዙ እሑድ ክፍል ሳልገባ ቅጽሩ ውስጥ ባልቆየሁ ነበር።

እኔ በመጨረሻ የተናገርሁት ማንም «ምን ይሰማሻል?» ብሎኝ አይደለም። መምህራችን ስለ ፍትሐት ሲያስተምር «በሣልስቱ፣ በሰባቱ፣ በዐርባው፣ በሰማንያው ስትሄዱ ከሚባለውና ከሚደረገው በአእምሯችሁ የቀረ ነገር ካለ ንገሩኝ» አለ። ይህ ጥያቄ ስለ እኔ አልነበረም። እኔም በዐርባው ቀን ካህኑ ስሙን ሲጠሩ በክርስትና ስሙ እንደጠሩት፣ እኛ ቤት ማንም በዚያ ስም ስለማይጠራው ለአፍታ ስለ ሌላ ሰው የሚጸልዩ መስሎኝ እንደደነገጥሁ፣ ከዚያም እኛ በማንጠራው ስም እግዚአብሔር እንደሚያውቀው ሳስብ ልቤ እንዳረፈ ተናገርሁ። ከዚያ በላይ አልጨመርሁም፤ ማንም አልጠየቀኝም፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ።

ስለ ቤተሰብም ጽፈዋል። የእናቴ እናት ሙስሊም ናት። ግሸን ስሄድ በሶውን አዘጋጅታ የምትቋጥርልኝ እርሷ ናት፤ ስንቁን ስትሰጠኝም «ለእኔም ዱዓ አድርጊልኝ» ትለኛለች። በክፍል ውስጥ ስለ እምነቴ ስናገር ስለ እርሷ መናገር እፈልግ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሰው ክርክር አድርጎ ያነሣዋል ብዬ ፈራሁ። የራሳችንን እንድንናገር እንጂ የሌላውን እንዳንነካ ቃል ከተገባ ለእኛ ለድብልቆቹ ይበቃናል።


ምላሽ
የወጣቶች ክፍል መምህር (ደሴ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሪጌታ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኅቴ፣ ለወንድምሽ ነፍስ ዕረፍተ ነፍስን ያድልልን፤ የጻፍሽው ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ ጠቅሞኛል።

በሚመጣው እሑድ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታንን ስጀምር ጸሎተ ሃይማኖትን አባዝቼ እወስዳለሁ። «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» የሚለውን ሐረግ አብረን ካነበብን በኋላ፣ በፍትሐት ወይም በትንሣኤ ሌሊት ከሰሙትና ካዩት ከዚህ ሐረግ ጋር የሚሄድ ነገር ካለ በሁለት መስመር እንዲጽፉ እጠይቃለሁ፤ ማንበብ የፈለገ ያነብባል፤ ያልፈለገ ወረቀቱን አጥፎ ይይዛል። ከመጀመሩ በፊትም ስለ መትረፍ ምክንያት ላለመስጠትና የሌላውን እምነት ላለመንካት ያላችሁትን እናገራለሁ። ሐዘናቸው ገና ትኩስ የሆነባቸውን ሁለት ልጆች ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ለየብቻ አግኝቼ ትምህርቱ ስለ ምን እንደሆነ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ መቅረት ቢፈልጉም እንደማልወቅሳቸው እንዲያውቁ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ከፊት ከሚቀመጡት ሁለቱ አንዱ ዕድል ካገኘ ሰዓቱን ሁሉ ይወስዳል፤ ቅን ልጅ ስለሆነ ልቡን መስበር አልፈልግም።


መልስ
እኅት ከወልድያ

እንዲህ ያለውን ልጅ ወረቀት የሚያድል፣ ሰዓት የሚጠብቅ አድርገው ይሹሙት፤ ለሌሎቹ ሰዓት የሚቆጥር ሰው የራሱንም መቁጠር ይጀምራል። የመናገሩን ተራም ከኋላ ወንበር ይጀምሩ፤ ወደ ፊት እስኪደርስ የቀረው ጊዜ ራሱ ያሳጥርለታል።


መልስ
መሪጌታ (ሐይቅ አካባቢ)

ልጄ፣ ስልክን ረስተኸዋል። ከመጀመርህ በፊት ሁሉም ስልኩን አጥፍቶ ቦርሳው ውስጥ ያስገባ። የዘንድሮ ልጅ የወንድሙን እንባ ቀርጾ ለቴሌግራም ቡድኑ ይለጥፋል፤ ክፉ አስቦ ሳይሆን «ልብ ይነካል» ብሎ ነው። የተጻፈውንም ወረቀት አንተ አትሰብስብ፤ ለሪፖርት አባሪ አድርግ ቢሉህም እሺ አትበል። እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይሂድ።